ከራስ ማሻሻያ ሴሚናር ዘላቂ ጥቅም የሚገኝበት አሠራር፦ ከምዝገባ በፊት እስከ ዘጠናኛው ቀን

የራስ ማሻሻያ ሴሚናር ተካፍሎ የሚወጣ ሰው በዚያው ምሽት «እንዴት ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ፊቱ እየበራ «ግሩም ነበር» ይላል። ይኸው ሰው ከሦስት ወር በኋላ «ታዲያ ምን ተለወጠ?» ቢባል ግን መልሱ ይዘገያል። የዚህ መመሪያ ጉዳይ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ርቀት ነው። በሥልጠና ምዘና ሥራው የሚታወቀው አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ባሳተማቸው ተከታታይ ጽሑፎች የሥልጠናን ውጤት በአራት እርከን ከፍሎታል፤ እነሱም ሠልጣኙ ሥልጠናውን መውደዱ፣ ትምህርቱን መጨበጡ፣ አሠራሩን መለወጡ፣ በመጨረሻም ከለውጡ የሚታይ ውጤት መገኘቱ ናቸው። በሴሚናሩ ማብቂያ ላይ የሚሞላው የአስተያየት መስጫ ቅጽ በአብዛኛው የሚለካው የመጀመሪያውን እርከን ብቻ ነው። ለተሳታፊው ዋጋ ያላቸው ሦስተኛውና አራተኛው ግን ከአዳራሹ ውስጥ ይልቅ ከሴሚናሩ በፊትና በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚወሰኑ በመሆናቸው፣ መመሪያው ለእነዚያ ሳምንታት ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል።

ደረጃ 1፦ አንድ ጉዳይ ይምረጡ

«ራሴን ማሻሻል እፈልጋለሁ» የሚለው ፍላጎት እውነተኛ ቢሆንም ለሴሚናር መነሻ አይበቃም፤ ከስፋቱ የተነሣ መጨበጫ የለውም። ከመመዝገብዎ በፊት ሊለውጡት የሚፈልጉትን ጉዳይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ ዓረፍተ ነገሩም ሌላ ሰው በዓይኑ ሊያየው ወይም በጆሮው ሊሰማው የሚችል ድርጊት ይያዝ። «በራስ መተማመን ይጎድለኛል» ማንም ሊያየው የማይችል ነገር ነው፤ «በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ሐሳብ እያለኝ ሳልናገር እወጣለሁ» ግን ይታያል፣ ይቆጠራልም። «ጊዜዬን በአግባቡ አልጠቀምም» ከማለት ይልቅ «ለረቡዕ ቃል የገባሁትን ሥራ የማደርሰው ዓርብ ነው» ማለት ይሻላል። ዓረፍተ ነገሩን መጻፍ ካቃተዎት ምዝገባውን ማቆየቱ ይመረጣል፤ የሚፈልገውን ለይቶ ያላወቀ ተሳታፊ መድረኩ ላይ የቆመው ሰው የሚፈልገውን ይዞ ይወጣልና።

ደረጃ 2፦ ሴሚናሩን ይመርምሩ

ጉዳይዎን ከለዩ በኋላ ለአዘጋጁ ደውለው ወይም ጽፈው የሚከተሉትን ይጠይቁ። ከጠቅላላው ሰዓት ምን ያህሉ ንግግር፣ ምን ያህሉ ልምምድ ነው? አሠልጣኙ በሚያስተምረው ነገር ራሱ የሠራበት ወይም የተማረበት መስክ የትኛው ነው? ከሴሚናሩ በኋላ ክትትል አለ ወይ? አሁን የሚከፈለው ገንዘብ ሙሉው ዋጋ ነው ወይስ «ቀጣይ ደረጃ» የሚባል ሌላ ክፍያ ይከተላል? ተሳታፊው ሐሳቡን ቢለውጥ ገንዘቡ የሚመለሰው በምን ሁኔታ ነው? ለእነዚህ ጥያቄዎች በግልጽ የሚመልስ አዘጋጅ አክብሮት ይገባዋል። በጥያቄው የሚከፋ ወይም «መጥተው ይዩት» ብሎ የሚያልፍ አዘጋጅ ግን ከገንዘቡ በፊት ሊያሳስብዎት ይገባል። አነቃቂ ንግግር ብቻ የሚቀርብበት ዝግጅት በራሱ ክፉ አይደለም፤ ሰው መበርታት የሚያስፈልገው ቀን አለ። ነገር ግን ክህሎት በመስማት ብቻ ስለማይገኝ፣ ልምምድ የሌለውን ዝግጅት እንደ ሥልጠና ቆጥሮ መክፈል ስሕተት ነው።

በማስታወቂያ ላይ የሚወጡ የምስክርነት ቃላትን በጥንቃቄ ያንብቡ። ምንም ያልተለወጠላቸው ሰዎች ቃላቸውን እንዲሰጡ ስለማይጠየቁ፣ መቶ አስደሳች ምስክርነት ቢነበብም ከስንት ተሳታፊ መካከል እንደተመረጠ አይታወቅም። ከዚህ ይልቅ ሴሚናሩን ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በፊት የተካፈለ ሰው ፈልገው «ዛሬም የሚያደርጉት ነገር የትኛው ነው?» ብለው ቢጠይቁ የተሻለ መረጃ ያገኛሉ።

አንድ ነገር በዚህ ቦታ ሊታለፍ አይገባም። በከባድ ሐዘን፣ በማያባራ ጭንቀት ወይም በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው መጀመሪያ ማግኘት ያለበት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ስሜትን የሚቀሰቅሱ የቡድን ልምምዶች ለጤናማ ሰው ቀላል ቢሆኑም ለተጎዳ ሰው ሊከብዱ ይችላሉ። መድኃኒት ወይም ሕክምና እንዲያቋርጡ የሚመክር ሴሚናር ካጋጠመዎት፣ ምክሩን ሳይቀበሉ መውጣት ተገቢ ነው።

ደረጃ 3፦ መነሻዎን መዝግበው ያስቀምጡ

ከደረጃዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፤ በእኔ እምነት ግን አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህንኑ ነው። ምክንያቱን የሚያሳይ አንድ ጥናት አለ። ማይክል ኮንዌይና ማይክል ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት፣ የአጠናን ክህሎት ማሻሻያ ሥልጠና ለመውሰድ የተመዘገቡ ተማሪዎች አስቀድመው የራሳቸውን ችሎታ እንዲገምቱ ተደረገ። ከዚያም ገሚሶቹ ሥልጠናውን ወሰዱ፤ ገሚሶቹ ተራ እንዲጠብቁ ተደረገ። ሥልጠናው ሲያበቃ ሁሉም የመጀመሪያ ግምታቸውን እንዲያስታውሱ ሲጠየቁ፣ የሠለጠኑት ቀድሞ ከጻፉት በእጅጉ ያነሰ ችሎታ እንደነበራቸው አድርገው አስታወሱ። በፈተና ውጤታቸው ግን ተራ ከሚጠብቁት የተለየ መሻሻል አላሳዩም። ተሻሽያለሁ የሚለው ስሜት የመጣው የዛሬው ማንነታቸው ከፍ ብሎ ሳይሆን የትናንቱ በትዝታቸው ውስጥ ዝቅ ስላለ ነበር።

አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1991 ተመሳሳይ ነገር አሳይተዋል። «የማስታወስ ችሎታን ያሻሽላሉ» ወይም «ለራስ ያለን ግምት ያሳድጋሉ» ተብለው ይሸጡ የነበሩ የድምፅ ካሴቶችን ለተሳታፊዎች ሲያድሉ፣ ለገሚሶቹ የካሴቱን መለያ ጽሑፍ አቀያይረው ሰጡ። ከሳምንታት በኋላ በሙከራ ሲለኩ ካሴቶቹ የተባለላቸውን ለውጥ አላመጡም፤ ብዙዎቹ ተሳታፊዎች ግን በመለያው ላይ የተጻፈው ነገር እንደተሻሻለላቸው ያምኑ ነበር። ሁለቱ ጥናቶች የሚሉት ሴሚናር ከንቱ ነው አይደለም፤ ገንዘቡንና ጊዜውን ያወጣ ሰው ጥቅም ማግኘቱን በስሜቱ ብቻ ሊያረጋግጥ እንደማይችል ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው አባባል እዚህ ላይ በቀጥታ ይሠራል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከሴሚናሩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት፣ በደረጃ 1 የመረጡትን ድርጊት በየቀኑ ይቁጠሩ። ጉዳይዎ በስብሰባ መናገር ከሆነ ስንት ስብሰባ ገብተው ስንት ጊዜ እንደተናገሩ፣ ሥራ ማዘግየት ከሆነ ቃል ከገቧቸው ሥራዎች ስንቱ በቀኑ እንደደረሰ፣ ከልጅዎ ጋር ያለው ንግግር ከሆነ ስንቱ በቁጣ እንዳለቀ ይጻፉ። በሁለቱ ሳምንታት መጨረሻ ቁጥሮቹን ከቀኑ ጋር በአንድ ወረቀት አስፍረው፣ ከሥራቸው ስለ ሁኔታዎ አምስት ወይም ስድስት ዓረፍተ ነገር ያክሉ። ከዚያም ወረቀቱን አሽገው ለሚያምኑት ሰው ይስጡ ወይም ደጋግመው በማያዩት ቦታ ያስቀምጡ። ቁጥሩ አሳፋሪ ቢሆንም አያሳምሩት፤ ከሦስት ወር በኋላ እውነቱን የሚነግርዎ ሌላ ምስክር አይኖርዎትም።

ደረጃ 4፦ የሚመለሱበትን ቦታ ያዘጋጁ

ቲሞቲ ባልድዊንና ኬቪን ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1988 የሥልጠና ትምህርት ወደ ሥራ የሚሸጋገርባቸውን ምክንያቶች ሲያጠኑ፣ ከሠልጣኙ ጠባይና ከሥልጠናው አቀራረጽ ቀጥሎ ሦስተኛ አድርገው ያስቀመጡት ሠልጣኙ የሚመለስበትን የሥራ አካባቢ ነው። ስለሆነም ከሴሚናሩ በፊት አብረዎት ለሚሠራ ወይም አብረዎት ለሚኖር አንድ ሰው ምን ለመለወጥ እንደሚሄዱ ይንገሩት፤ ሲመለሱም ሃያ ደቂቃ እንዲያዳምጥዎ አስቀድመው ቀጠሮ ይያዙ። በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ደግሞ ሴሚናሩ ካለቀ በኋላ ባሉት ሃያ አራት ሰዓታት ውስጥ ሁለት ሰዓት ባዶ ያድርጉ። ይህ ጊዜ አስቀድሞ ካልተያዘ፣ ተጠራቅሞ የጠበቀው ሥራ ይወስደዋል።

ደረጃ 5፦ በሴሚናሩ ዕለት

በቂ እንቅልፍ ተኝተው ይሂዱ፤ ቀደም ብለው ደርሰው ከፊት ወይም ከመሐል ይቀመጡ፤ ስልክዎን ከዓይንዎ ያርቁ። በኢንተርኔት የሚካፈሉ ከሆነ ሌሎቹን መስኮቶች ሁሉ ዘግተው፣ እንደ አዳራሽ ሁሉ በሩ የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይቀመጡ። ከወዳጅ ጋር የሚሄዱ ከሆነ ደግሞ ተለያይቶ መቀመጥ ይመረጣል፤ በልምምድ ጊዜ ከማያውቁት ሰው ጋር መጣመር ከለመዱት ጠባይ ለመውጣት ያግዛል።

ማስታወሻ ሲይዙ የተናጋሪውን ቃል ሁሉ ለመገልበጥ አይሞክሩ። ገጹን በሁለት መስመር ለሦስት ከፍለው፣ በመጀመሪያው ዓምድ የተባለውን ባጭሩ፣ በሁለተኛው ይህ ነገር በእርስዎ ሕይወት የትኛውን ሁኔታ እንደሚነካ፣ በሦስተኛው ሊሞክሩት የሚችሉትን ድርጊት ይጻፉ። የመጀመሪያው ዓምድ ሞልቶ ሁለቱ ባዶ ከሆኑ፣ እየሰሙ ነው እንጂ እየሠሩበት አይደለም። በየዕረፍቱ ደግሞ ደብተሩን ዘግተው ያለፈውን ክፍለ ጊዜ ሐሳቦች ከአእምሮዎ ለማውጣት ሦስት ደቂቃ ይሞክሩ፤ የጎደለውን ከዚያ በኋላ ከደብተሩ ያሟሉ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንድን ምንባብ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ 81 በመቶውን ሲያስታውሱ፣ ካነበቡ በኋላ ሳያዩ ለመጻፍ የሞከሩት ያስታወሱት 75 በመቶውን ነበር። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገልብጦ ደግመው ያነበቡት 42፣ ሳያዩ የጻፉት 56 በመቶ አስታወሱ። በዕለቱ የቀለለው መንገድ በሳምንቱ የደከመው መንገድ ሆነ ማለት ነው።

ልምምድ ሲታዘዝ አይሸሹ። ብዙ ተሳታፊ ንግግሩን በጥሞና ተከታትሎ «አሁን ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ተለማመዱ» ሲባል ወደ ስልኩ ያጎነብሳል፤ የከፈለበት ዋናው ክፍል ግን ያ ነበር። በልምምዱ ውስጥ የሚሰማው እፍረት ክህሎቱ ገና አዲስ የመሆኑ ምልክት ስለሆነ፣ ስሕተት የማያስከፍልበት ቦታ ላይ ማሳለፉ ይጠቅማል።

በጥያቄና መልስ ጊዜም ጉዳይዎን አጥብበው ያቅርቡ። «በራስ መተማመንን እንዴት ላዳብር?» ተብሎ የሚጠየቅ አሠልጣኝ ቀደም ሲል የተናገረውን ከመድገም ሌላ ምርጫ የለውም። «በስብሰባ ላይ ንግግሬን የሚያቋርጠኝ ሰው የበላዬ ሲሆን መጀመሪያ የምናገረው ቃል ምን ቢሆን ይሻላል?» ብሎ ለጠየቀ ግን ሊሠራበት የሚችል መልስ ይሰጠዋል። እኔ ከሁሉም ይበልጥ የጠቀመኝ ጥያቄ «ይህ ዘዴ የማይሠራው በምን ሁኔታ ነው?» የሚለው ነው፤ በሙያው የሠራበት ሰው የዘዴውን ወሰን ያውቃል፤ በቃል ያጠናው ሰው ደግሞ «ሁልጊዜ ይሠራል» ይላል።

የጠባይ መለያ መጠይቅ ሞልተው ውጤቱ ልክ እርስዎን የገለጸ መስሎ ከተሰማዎት ቆም ይበሉ። በርትራም ፎረር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ሙከራ ለ39 ተማሪዎች መጠይቅ ካስሞላ በኋላ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የጠባይ መግለጫ ለየብቻቸው እንደተዘጋጀ አስመስሎ ሰጣቸው፤ ተማሪዎቹም መግለጫው ምን ያህል እንደሚገልጻቸው ከአምስት ሲመዝኑት አማካዩ 4.26 ሆነ። ለሁሉም ሰው የሚስማማ ቃል ለእርስዎ ብቻ የተነገረ መስሎ ሊሰማ ይችላል።

ስለ ደኅንነትዎም አንድ ወሰን አስቀድመው ያበጁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 በአሜሪካ አሪዞና ግዛት፣ ሴዶና አቅራቢያ በተካሄደ የራስ ማሻሻያ ዝግጅት ላይ ተሳታፊዎች በእጅጉ በጋለ ድንኳን ውስጥ እንዲቆዩ ተደርጎ ሦስት ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፤ መሪውም እ.ኤ.አ. በ2011 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብሏል። እንዲህ ያለው ነገር የሚያጋጥመው በጥቂቱ ቢሆንም፣ በየትኛውም አዳራሽ ውስጥ መውጣት፣ ውኃ መጠጣት፣ ማረፍና «ይህን ምሥጢሬን አልናገርም» ማለት መብትዎ ነው። «የሚወጣው ደካማ ነው» የሚባልበት ቦታ ለመውጣት በቂ ምክንያት ይሰጣል።

በመጨረሻው ሰዓት «ዛሬ ብቻ በቅናሽ» ተብሎ ለሚቀርበው ቀጣይ ሥልጠና መልሱን ከቤትዎ ይዘው ይሂዱ፤ በዕለቱ ምንም አይገዙም፣ ከሦስት ቀን በኋላም ፍላጎቱ ካለ ያስቡበታል። ልብ በሞቀበት ሰዓት የሚፈረም ውል ሲበርድ ይከብዳል።

ደረጃ 6፦ የመጀመሪያዎቹ ሃያ አራት ሰዓታት

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራ፣ ትርጉም የሌላቸውን የቃል ክፍሎች ራሱ እያጠና የመርሳትን ፍጥነት ለክቷል። ያገኘውም መርሳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ፈጣን፣ ከዚያ በኋላ እየቀዘቀዘ የሚሄድ መሆኑን ነው። ትርጉም ያለው ትምህርት በዚያው ፍጥነት ባይረሳም፣ ማስታወሻን ለሳምንቱ መጨረሻ ማቆየት የማይበጅበት ምክንያት ከዚህ ይታያል። ስለዚህ ባዶ ባደረጓቸው ሁለት ሰዓታት ውስጥ መጀመሪያ ደብተሩን ሳይከፍቱ የሚያስታውሱትን ሁሉ ይጻፉ፤ ቀጥሎም ከደብተሩ ጋር ያስተያዩ።

ከዚያ የሚከብደው ሥራ ይመጣል፤ አንድ ድርጊት ብቻ መምረጥ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በተለያየ ጊዜ የተካፈልኳቸውን የሦስት ሴሚናሮች ማስታወሻ ጎን ለጎን አስቀምጬ አንብቤ ነበር። በሦስቱም የመጨረሻ ገጽ ላይ «ከነገ ጀምሮ» በሚል ርእስ ከአሥር የማያንሱ ውሳኔዎች ጽፌያለሁ፤ አብዛኞቹም ከአንዱ ደብተር ወደ ሌላው የተሻገሩ፣ አንድም ቀን ሙሉ በሙሉ ያልተፈጸሙ ነበሩ። ያ ዕለት በጣም አሳዝኖኛል፤ ውሳኔዎቹ መጥፎ ስለነበሩ ሳይሆን እርስ በርስ ተሻምተው ሁሉም ስለቀሩ። ከዚያ ወዲህ የምሠራው አንዱን መርጬ የቀሩትን «ተራ ጠባቂ» ብዬ በሰየምኩት ገጽ ላይ በማኖር ነው። ጥሩ ሐሳብ አይጣልም፤ ተራውን ይጠብቃል።

የተመረጠውን ድርጊት «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» በሚል ቅርጽ ይጻፉት። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ያብራራው ይህ ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ከፓስካል ሺራን ጋር 94 ሙከራዎችን ሰብስቦ ሲመረምር ግብን ከማሰብ ይልቅ ወደ ፍጻሜ የሚያደርስ ሆኖ ተገኝቷል። «በስብሰባ ላይ ደፋር እሆናለሁ» ምኞት ነው። «ሰብሳቢው ሁለተኛውን አጀንዳ ሲከፍት፣ እጄን አውጥቼ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ» ግን ሰዓቱና ቦታው የታወቀ ዕቅድ ነው። ድርጊቱ በጣም በደከሙበት ቀን እንኳ የሚቻል ያህል ትንሽ ይሁን። በዚያው ዕለት አስቀድመው ቀጠሮ ለያዙለት ሰው የተማሩትን በራስዎ አነጋገር አስረዱት፤ ማስረዳት ያቃተዎት ክፍል ገና ያልገባዎት ክፍል ነውና ምልክት ያድርጉበት።

ደረጃ 7፦ እስከ ዘጠናኛው ቀን

እውነተኛው ፈተና በሁለተኛው ሳምንት ይጀምራል፤ ወረቱ ሲያልፍ ማለት ነው። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ይዘው ባካሄዱት ጥናት፣ አንድ አዲስ ድርጊት ያለ ትግል የሚከናወን ልማድ እስኪሆን የወሰደው ጊዜ በመካከለኛ ግምት 66 ቀን ሲሆን፣ ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያይ ነበር። «በሃያ አንድ ቀን ልማድ ይሆናል» የተባሉ ሰዎች በሃያ ሁለተኛው ቀን አሁንም ሲከብዳቸው ጥፋቱን ከራሳቸው ይፈልጋሉ፤ የዘገየው ግን ጊዜው ገና ስላልደረሰ ሊሆን ይችላል። በዚሁ ጥናት አንድ ቀን መዝለል የልማዱን ምሥረታ ያን ያህል እንዳልጎዳም ታይቷል። ቢያመልጥዎ በማግሥቱ ይቀጥሉ፤ «ሰኞ እንደ አዲስ እጀምራለሁ» ብለው ሳምንቱን አይተዉት።

ድርጊቱን በፈጸሙበት ቀን በቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ያድርጉ። ማስታወሻዎን በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ በወሩና በሁለተኛው ወር፣ በመጀመሪያ ሳያዩ በቃል በመሞከር፣ ይከልሱት። በየሳምንቱ ለአንድ ሰው ሦስት መስመር መልእክት ይላኩ፦ ስንት ቀን እንደሠሩ፣ የት እንደተሰናከሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚያስተካክሉ። በሴሚናሩ ላይ ከተዋወቁት መካከል ይህን ሊያደርግ የሚወድ ሰው ቢያገኙ ከሁሉም ይሻላል፤ የተማራችሁት አንድ ስለሆነ ማብራራት አያሻም።

በዘጠናኛው ቀን ዋዜማ ያሉትን ሁለት ሳምንታት፣ በደረጃ 3 እንዳደረጉት፣ ድርጊቱን በየቀኑ ይቁጠሩ። አዲሱን ቁጥር ጽፈው ከጨረሱ በኋላ ብቻ የታሸገውን ወረቀት ከፍተው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። ቁጥሩ ከተሻሻለ፣ ከተራ ጠባቂው ገጽ ቀጣዩን ድርጊት ያውጡ። ካልተሻሻለ፣ ቀን መቁጠሪያውን ይመልከቱ፤ ምልክቱ ከግማሽ ቀናት በታች ከሆነ ዘዴው ገና አልተሞከረምና ድርጊቱን በግማሽ አሳንሰው ለሌላ ወር ይያዙት። በአብዛኞቹ ቀናት ሠርተውት ቁጥሩ ከቆመበት ካልተነሣ ግን፣ ያ ዘዴ ለእርስዎ ጉዳይ አልሆነምና ያለ ጸጸት ይተዉት። ሌላ ሴሚናር ለመመዝገብ የሚያስቡትም ይህ ንጽጽር በጽሑፍ ካለቀ በኋላ ይሁን፤ የአዲሱ ሴሚናር መነሻ ወረቀት ከዚሁ ከሁለተኛው ቁጥር ይጀምራል።